መንገድ አዋቂው አባቴ ቤታቸው ጠፋባቸው

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የ39 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ በሰይቼንቶ ጀምረው በላዳ የጨረሱ ሰው ናቸው። መንገድ ሰው ጠይቀው አያውቁም፤ ሰው ነበር እሳቸውን የሚጠይቀው። እናቴ ካረፈች በኋላ ካዛንቺስ በነበረው አሮጌ ቤታችን አብረን እንኖር ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባን።

ችግሩ የታየው እዚህ ከመጣን ወዲህ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠፉብን። ያገኘናቸው ከእኛ ሦስት ሕንፃ ራቅ ብሎ፣ እንደ እኛው ሦስተኛ ፎቅ፣ በሰው ቤት በር ላይ ቆመው ነው። ቁልፋቸውን ከተው እየታገሉ ‹ማን ነው ይህን ቁልፍ የቀየረው?› ይሉ ነበር። የቤቱ እመቤት ፖሊስ ልትጠራ ስትል ደረስን። ከዚያ በኋላም ተደግሟል። ምሳ በልተው ሳህኑ ሳይነሣ ‹ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?› ይላሉ። የእኅቴ ልጅ ሠርግ መቼ እንደሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደጋግመው ይጠይቁኛል።

ግራ የገባኝ ግን ሌላው ነው። በንጉሡ ጊዜ ከለገሀር ተነሥተው በፒያሳ፣ በስድስት ኪሎ አድርገው ሽሮ ሜዳ ሲወጡ የትኛው ጥግ ላይ የማን ቡና ቤት እንደነበረ ሳይቀር ይነግሩናል። ታላቅ ወንድሜ ‹ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ምሳ መብላቱን አይረሳም፤ ኮንዶሚኒየሙን ስለጠሉት እልህ ይዟቸው ነው› ይላል። አክስቴ ጠበል ይወሰዱ ትላለች። ቨርጂኒያ ያለው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እኔ ጋ ይምጡ ብሎ ወረቀት ጀምሯል። እኔ ሥራ ስሄድ ከውጭ ቆልፌባቸው መውጣት ጀምሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት ጮኽኩባቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ከሰፈራቸው ባናወጣቸው ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ

ውድ እኅቴ፤

ከሁሉ በፊት ለታላቅ ወንድምሽ ልመልስ፤ ቤታችሁን ከበሽታው በላይ የሚጎዳው እሱ ያለው ነገር ነውና። አባታችሁ አያስመስሉም። የሃምሳ ዓመት መንገድ አንድ በአንድ እየዘረዘሩ ገና የበሉትን ምሳ መርሳት ይቻላል። ይህ አንድ የተወሰነ የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚታይ፣ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ምልክት ነው። ወንድምሽ የማስመሰል ማስረጃ አድርጎ የያዘው ነገር፣ ሐኪም ቢሰማው ኖሮ ቶሎ አምጧቸው የሚያስብል ነው።

የምለው ክፍል ከጆሮ በላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በግራና በቀኝ ጥንድ ሆኖ የተቀመጠ ነው። ሐኪሞች ሚዲያል ቴምፖራል ሎብ ይሉታል። በውስጡ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሂፖካምፐስ የሚባል ጥምዝ አካል፣ ከአጠገቡም ወደ እሱ የሚገባውን መረጃ የሚያስተላልፈው ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ይገኛሉ። ይህ ትንሽ ስፍራ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ዛሬ የሆነውን ነገር ይዞ ለነገ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የት እንዳለን፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ በየት በኩል እንደምንመለስ ማወቅ ነው። ስለዚህ ምሳ መብላታቸውን የረሱትና ደጃቸው የጠፋባቸው በሁለት የተለያየ ምክንያት ላይሆን ይችላል። እናንተ ቤት ውስጥ ሁለት ችግር መስሎ የታየው ከአንድ ቦታ ሊመነጭ ይችላል።

ይህን ያወቅነው በሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞላይሰን እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ተወለደ። ወጣትነቱን የሚጥል በሽታ አበላሸበት። እ.ኤ.አ. በ1953 ዊሊያም ስኮቪል የተባለ ቀዶ ሐኪም ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ከሁለቱም ወገን የዚህን ክፍል ብዙውን አካል አወጣለት። የሚጥለው በሽታ ቀለለለት። አእምሮው እንደ በፊቱ ስል ነበር፤ ጨዋታ ያውቃል፣ ትሑት ነው፣ የልጅነቱን ታሪክ ያወራል። አዲስ ነገር ግን አልያዝ አለው። ከሞንትሪያል እየተመላለሰች ያጠናችው ብሬንዳ ሚልነር የምትባል የሥነ አእምሮ ተመራማሪ ነበረች፤ ለዓመታት ሲተዋወቁ በመጣች ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በ82 ዓመቱ እስከሞተበት ቀን ድረስ እንዲህ ኖረ። በሕይወት ሳለ ስሙ ተሰውሮ በሁለት ፊደል ብቻ ይታወቅ ነበርና፣ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲነገርለት የኖረው ሰው ማን እንደሆነ ዓለም የሰማው ካረፈ በኋላ ነው።

የሄንሪን ታሪክ የማነሣልሽ በዋናነት ለሁለት ነገር ነው። ሚልነር አንድ ቀን የኮከብ ሥዕል ሰጥታው እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ በጠርዙ ላይ መስመር እንዲያሰምር አደረገችው። ማንም ሰው መጀመሪያ ላይ ይቸገርበታል። ሄንሪ በተከታታይ ቀናት ሲለማመድ መስመሩ እየጠራ ሄደ፤ ሥራውን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ግን ፈጽሞ አያስታውስም። እጁ የተማረውን እሱ አያውቀውም ነበር። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ይደንቀኛል። ከቀዶ ሕክምናው ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ቤት ገብቶ ብዙ ዓመት ኖረበት። የዚያን ቤት ክፍሎች አቀማመጥ፣ በኋላ በወረቀት ላይ በቃሉ በትክክል ሣለው። ከክፍል ወደ ክፍል በየቀኑ፣ በየዓመቱ ሲመላለስ፣ ከጉዳቱ የተረፈው የአንጎሉ ክፍል ቀስ እያለ ያዘው። ይህን ወደ ታች ስለ ቤታችሁ ስመክርሽ እፈልገዋለሁና ልብ በይው።

አሁን ወደ አባትሽ የሚቀርብ ሌላ ሰው ላምጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይኖር የነበረ፣ በጥናቶች ላይ በሁለት ፊደል ብቻ የተጠራ አንድ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ1992 በቫይረስ ምክንያት አንጎሉ ተቆጥቶ ይኸው ክፍል በሁለቱም ወገን ጠፋበት። በማግሥቱ ዓመት ከባለቤቱ ጋር ሳን ዲዬጎ አካባቢ ወደ አዲስ ቤት ገባ። ኤድመንድ ቴንግና ላሪ ስኳየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ይላል። ሰውየውን ከሃምሳ ዓመት በፊት ትቶት ስለወጣው የልጅነት አካባቢው ጠየቁት። ከዚህ ወደዚያ በየት ይኬዳል? ዋናው መንገድ ቢዘጋ በየት ይዞራል? እዚህ ቆመህ ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው? ሁሉንም እንደ እኩዮቹ፣ እንደ ጤነኞቹ መለሰ። አሁን ስለሚኖርበት ሰፈር ሲጠይቁት ግን አንድም ነገር አልያዘም።

ወንድምሽ ይህን አንቀጽ ደግሞ ያንብበው። ያ ሰው ለማንም አላስመሰለም፤ ምንም አልጠላም፤ እልህም አልያዘውም። ወጣት ሳለ፣ አንጎሉ ጤነኛ ሳለ የገባው መንገድ ከዓመታት ብዛት በሌላው የአንጎል ክፍል ተሠራጭቶ ሥር ሰዷል። አዲሱን የሚያስገባው በር ግን ተዘግቷል። የእናንተ አባት ካዛንቺስን፣ ለገሀርን፣ ሽሮ ሜዳን የያዙት በሩ ክፍት በነበረበት ዘመን ነው። ቦሌ አራብሳ የመጣው ምናልባት በሩ መዘጋት ከጀመረ በኋላ ነው።

የአባትሽን ሙያ ስላነሣሽ የለንደንን ታክሲ ነጂዎችም ሳልጠቅስ አላልፍም። እዚያ ፈቃድ ለማግኘት ከከተማው እምብርት ዙሪያ ያሉ 25,000 ገደማ መንገዶችን በቃል ማወቅ ግድ ነው፤ ተፈታኙ ለዓመታት ያጠናል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤሌነር ማግዋየርና ባልደረቦቿ የእነዚህን ነጂዎች አንጎል በኤምአርአይ ተመልክተው የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው እንደሚሰፋ አገኙ። ብዙ ዓመት የነዳው ላይ ልዩነቱ ይጎላል። ማግዋየር ስድስት ዓመት ቆይታ ያሳተመችው ግን የበለጠ ልቤን ነካው። በሙያው ለአሥርተ ዓመታት የኖረ አንድ የለንደን ታክሲ ነጂ ታሞ ሂፖካምፐሱ በሁለቱም ወገን ተጎዳ። ለንደንን በምትመስል የኮምፒውተር ከተማ ውስጥ እንዲነዳ ሲያደርጉት ታዋቂ ሕንፃዎቹን ያውቃል፤ በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ላይ ከሆነ እንደ ድሮው ይነዳል። ከዋናው ጎዳና ወጥቶ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲያስፈልገው ግን ይጠፋል። የድሮው መንገድም ቢሆን ጥቃቅኑ፣ ቅያሱ፣ አቋራጩ ያለዚህ ክፍል አይመጣም ማለት ነው። ስለዚህ አባትሽ ስለ ሽሮ ሜዳ ሲያወሩ «ይህ ሰው ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትደምድሙ። ዋናው ጎዳና አለ። የጎደለውን ሐኪም ይመርምር።

ይህ ክፍል ቦታን እንዴት እንደሚይዝ ደግሞ ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ በአይጥ አሳየ። አይጧ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚነቃ ሕዋስ አለ፤ ሌላ ቦታ ስትሄድ ሌላው ይነቃል። ሜይ ብሪትና ኤድቫርድ ሞዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ከተማ ውስጥ ሲሠሩ፣ በኢንቶራይናል ኮርቴክስ ስፍራውን በእኩል ርቀት እየከፋፈሉ የሚለኩ ሕዋሳት አገኙ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ገና ሲጀምር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ነው። ሰዎች ስምና ቀን ከመርሳታቸው እኩል፣ አንዳንዴም ቀድመው፣ በማያውቁት አካባቢ መጥፋት የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

«ከሰፈራቸው ባናወጣቸው ኖሮ» ያልሽውን ልመልስ። እኅቴ፣ ቤት መለወጥ ይህን በሽታ አያመጣም። የሚሆነው ይህ ነው፤ ካዛንቺስ ለአባትሽ ምርኩዝ ሆኖላቸው ነበር። እግራቸው ያውቀዋል፤ ባለ ሱቁ ያውቃቸዋል፤ ቢሳሳቱም «አባባ፣ በዚህ በኩል» የሚል ጎረቤት አለ። እዚያ ሳሉ ትንሽ መርሳት ቢጀምሩም ማንም አያስተውልም ነበር። ምርኩዙ ሲነሣ ቀድሞ የነበረው ድካም ታየ። ደግሞም እስቲ ኮንዶሚኒየሙን በእሳቸው ዓይን እዪው። ቀለሙ አንድ፣ ደረጃው አንድ፣ በሩ አንድ። ጤነኛ ሰው እንኳ የብሎክ ቁጥር ካላነበበ ይስታል። ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ይዘው ነው የሄዱት፤ የሳቱት ሕንፃውን ብቻ ነው። ቁልፉ አልከፍት ሲል ሌባ መሰላቸው እንጂ ሌባ ለመሆን አልሄዱም። ያቺን እመቤት ሄደሽ አነጋግሪያት፤ ሲገባት ከማንም በላይ ዘብ ትሆንላቸዋለች።

አሁን ሐኪም። በስም «የመርሳት በሽታ» ብዬ አልፈርድም፤ አንቺም አትፍረጂ። «ጃጅተዋል» የሚለውንም ቃል ቤታችሁ ውስጥ አትቀበሉ፤ ምክንያቱም ዕድሜ ብቻውን ሰውን በራሱ ደጅ አያስጠፋም፤ ቃሉ ደግሞ ምርመራን ያስቀራል። መርሳት ከሚያስከትሉት መካከል የሚታከሙ አሉና ቀድሞ እነሱን ማጣራት ይገባል። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ የስኳር መጠን ከልክ በላይ መውረድ፣ ለእንቅልፍ ወይም ለሕመም የሚወሰዱ አንዳንድ ኪኒኖች፣ ያልታከመ ኢንፌክሽን ሁሉ አእምሮን ያደነዝዛሉ። ወድቀው ጭንቅላታቸው ተመትቶ ከነበረ፣ ቀላል ቢመስልም፣ ከራስ ቅል ሥር ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ድብርትም አለ። ባለቤታቸውን ቀብረዋል፣ ሰፈራቸው ፈርሷል፣ ጓደኞቻቸው ተበትነዋል፤ በአዛውንት ላይ ኀዘን መርሳትን መስሎ ሊመጣ ይችላል። የጆሯቸውንም ነገር አስመርምሪ፤ ያልተሰማ ነገር አይታወስም።

በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪና ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈር አጽፊ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ክፍል አለው፤ በግል የሚሠሩ የነርቭ ሐኪሞችም አሉ። የሚወስዷቸውን ኪኒኖች በሙሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም ሳይቀር፣ በከረጢት ይዘሽ ሂጂ። ነገሩ መቼ እንደጀመረ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚደጋገም፣ መጠጥ ይወስዱ እንደሆነ፣ እንቅልፋቸውና የምግብ ፍላጎታቸው እንዴት እንደሆነ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ በሐኪሙ ፊት ሁሉም ይጠፋብሻል። በእሳቸው ፊት «ይረሳሉ» እያልሽ አትዘርዝሪ፤ ወረቀቱን ለሐኪሙ ስጪው። ሐኪሙ የደም ምርመራ፣ የማስታወስ ፈተና፣ ካስፈለገም የራስ ቅል ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያዝዛል። መጨረሻው አልዛይመር ቢሆን፣ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። አንዳንዶችን ለተወሰነ ጊዜ የሚያግዝ መድኃኒት ግን አለና ሐኪሙን ጠይቂው። ደም ግፊትና ስኳር ካለ በደንብ መቆጣጠር፣ በየቀኑ መራመድ፣ ከሰው ጋር መጫወት ደግሞ ለማንኛውም ምክንያት ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ነገሩ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፋቸው ወደ ጎን ከዞረ፣ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ በዚያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

አክስትሽ ያለችውን ጠበል አልቃወምም። አባትሽ አማኝ ሰው ናቸው፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው የጠፉት። ሕክምናውንና ጠበሉን አብራችሁ አስኪዱ። ሁለት ነገር ግን እለምንሻለሁ። ኪኒን አቁሙ የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉ። ለሱባኤ ተብሎ በማያውቁት ስፍራ ብቻቸውን እንዳያድሩ፤ ለእሳቸው አዲስ ቦታ፣ አዲስ ጨለማ፣ አዲስ መጸዳጃ ቤት ማለት አደጋ ነው። ከሄዱ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይሂድ፤ ከቤታችሁ ተመላልሰው ቢጠመቁ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቅድም የነገርኩሽን አስታውሺ። ሄንሪ ቤቱን የያዘው በየቀኑ በመመላለስ ነው። የካሊፎርኒያው አዛውንትም እንዲሁ። ባለቤቱ በየቀኑ በአንድ መንገድ ይዛው ስትዞር ቆይታ፣ አንድ ቀን ብቻውን ወጥቶ በዚያው መንገድ ዞሮ ተመለሰ። ቤትህ የት ነው ሲሉት ግን መናገር አይችልም። ልማድ የሚሠራው ሌላው የአንጎል ክፍል ስለተረፈለት እግሩ ተማረ። ነገር ግን የእግረኛ መንገድ ሲታደስ ወይም አንድ የለመደው ምልክት ሲለወጥ ይጠፋ ነበር። ለአባትሽ የሚሆነው ዘዴ እዚህ ውስጥ አለ። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን አንድ መንገድ ምረጪ፤ አጭሩን ሳይሆን ቀላሉን፣ መታጠፊያው ጥቂት የሆነውን። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ወገን አብራችኋቸው ሂዱ። «ዛሬ በዚህ በኩል እንሂድ» አይባልም። ሲሳሳቱ «የትኛው ነው? እስቲ አስታውሱ» እያላችሁ አትፈትኗቸው፤ ሳይሳሳቱ በፊት ትክክለኛውን አሳዩአቸው። የተሳሳተውም መታጠፊያ ልማድ ይሆናልና።

በራችሁን ከሌላው በር የሚለይ ነገር አድርጉለት። ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ቀለም ይቀባ፤ የደረጃው መግቢያ ላይም ከነዋሪዎች ኮሚቴ ፈቃድ ጠይቀሽ አንድ ምልክት ይደረግ። ላዳ የነዳ ሰው ሰማያዊና ነጭን ከሩቅ ይለያል። ምልክቱ አንዴ ከተመረጠ አይለወጥ፤ ቤት ውስጥም የወንበርና የአልጋ ቦታ እየቀያየራችሁ አታድክሟቸው። በኮታቸው የውስጥ ኪስ ስማቸው፣ የብሎክና የቤት ቁጥሩ፣ የአንቺና የወንድምሽ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይሰፋ። ለግቢው ጥበቃዎች፣ ለባለ ሱቁ፣ ለሊስትሮዎቹ ፎቶግራፋቸውን አሳዪያቸው፤ ስልክሽን ስጪ። አትፈሪ፤ ሕመማቸውንም አትደብቂ። የተደበቀ ሕመም ያለበት አባት ሲጠፋ የሚፈልገው ሰው ያንሳል።

ከውጭ መቆለፉን ግን ዛሬውኑ ተዪ። እሳት ቢነሣ፣ ቢወድቁ፣ ጋዝ ቢፈስስ ማን ይደርሳል? ደግሞም የተቆለፈበት ሰው በሩን ሲታገል ይውላል፤ ድንጋጤው መርሳቱን ያባብሰዋል። ሥራ ስትሄጂ አብሮ የሚውል ሰው ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድምሽ ለአውሮፕላን ትኬት የሚያወጣውን ገንዘብ ለዚህ ቢያውለው አባቱን ይበልጥ ይረዳል። ይህን ስል ፍቅሩን ዝቅ አድርጌ አይደለም፤ ሩቅ ያለ ልጅ ጭንቀቱ ከባድ ነው። ነገር ግን ከካዛንቺስ ቦሌ አራብሳ መምጣት እንዲህ ያወዛገባቸውን ሰው፣ ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ በረዶ ወዳለበት፣ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ ወደሚገባበት አፓርትመንት መውሰድ በጣም ያስፈራኛል። ቢያንስ የምርመራው ውጤት ሳይታይ አይሆንም። መምጣት የሚችለው እሱ ከሆነ ይምጣ፤ ፊታቸው ላይ ተቀምጦ ስለ ሽሮ ሜዳ መንገድ ይጠይቃቸው።

ያንን ወሬያቸውን አትሰልቹ፤ የልጅ ልጆቻቸው በስልክ ይቅረጹት። የድሮ እድራቸው እስካሁን የሚሰበሰብ ከሆነ ወር በገባ ቁጥር አብረሻቸው ሂጂ። የፈረሰው ሰፈር ሰዎች የት የት እንደገቡ አፈላልጊ፤ አንድ ሁለት የድሮ ጓደኛ ቤታችሁ መጥቶ ቡና ቢጠጣ ለእሳቸው ከኪኒን የማያንስ ነው።

ስለ ጩኸትሽ። ደክመሽ ነው፤ ክፉ ሆነሽ አይደለም። የጮኽሽበትን ምክንያት ምናልባት አያስታውሱትም፤ በሆዳቸው የቀረው መከፋት ግን ሰበቡ ከተረሳ በኋላም ሊቆይ ይችላል፤ በሁለቱም ወገን ሂፖካምፐሳቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ይህ በጥናት ታይቷል። ደስታም እንዲሁ ይቆያልና፣ ማታ አጠገባቸው ተቀምጠሽ መሳቅሽ ከንቱ አይሆንም። ስለ ሠርጉ ሲጠይቁሽ «አሁን ነግሬዎት የለም?» ማለት ምንም አያደርግላቸውም፤ ለእሳቸው ጥያቄው የመጀመሪያው ነው። ቀኑን በትልልቅ ፊደል ጽፈሽ ከወንበራቸው ፊት ለፊት ለጥፊው። ሲጠይቁሽ ወደዚያ አመልክቺያቸውና ሠርጉን አጫውቻቸው።

ወንድሞችሽንና እኅትሽን ሰብስበሽ ደግሞ የውክልናንና የባንክ ደብተርን ነገር ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ። እሳቸው ፈቃዳቸውን በግልጽ መናገር በሚችሉበት በዚህ ወቅት፣ በሙሉ ዕውቀታቸው ይወስኑ፤ ሳታማክሯቸው ምንም አትፈርሙባቸው። ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ የትኛውም ኪኒን ከታዘዘ ስሙንም ጨምረሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን እንመካከራለን።